«አፕዴት አድርግ» ይላል፤ የት እንደሆነ ግን አይናገርም

መመሪያ የለም ብሎ የሚያማርር ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። መመሪያ ሞልቶ ተርፏል። ስልኩን የሠራው ፋብሪካ ጽፏል፤ አፑን ያወጣው መሥሪያ ቤት ጽፏል፤ ባንኩም ጽፏል። ፎቶ አለው፣ ፎቶው ላይ ቀይ ቀስት አለው፣ ቪዲዮም ተቀርጾለታል። ችግሩ ይህ ሁሉ የተቀመጠበትን ቦታ የሚያውቀው መመሪያው የማያስፈልገው ሰው ብቻ መሆኑ ነው። አዲስ ገቢው ሲዞር ይውላል። የሳጥኑን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ ቆልፈውበት፣ «ቁልፍ አልሰጣችሁኝም» ሲል «እንዴት! ሳጥኑ ውስጥ አለልህ እኮ!» ይሉታል።

እኔ ጂዛን ምድር ያረጀሁ የወሎ ሰው ነኝ። አቡ ዐሪሽ ኖሬያለሁ፣ ሰብያ ኖሬያለሁ፣ አሁን ሳምጣ ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጡዋል ነው፣ ከጡዋል ወዲያ የመን። የጂዛንን ሙቀት ለምጄዋለሁ። በበጋ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን አቧራ፣ ሸሚዝ ከገላ ጋር የሚያጣብቀውን የቀይ ባሕር ወበቅ፣ የሀገሬውን አነጋገር ሳይቀር ለምጄዋለሁ። ሌላው ዐረብ «አል» የሚለውን እነሱ «አም» ነው የሚሉት፤ ሪያድ ተምረኸው የመጣኸው ዐረብኛ እዚህ ግማሹ አይሠራም። ያልለመድኩት ነገር ቢኖር ይህ አፕዴት የሚሉት ጣጣ ነው። ማታ የማውቀው ስልክ ጠዋት አያውቀኝም። ገንዘብ መላኪያው ከላይ በቀኝ በኩል ነበር፤ አድሮ ታች ወርዶ «ተጨማሪ» የሚል ነገር ሥር ተሸጉጧል። ማን አስፈቀደ? በዚህ ዕድሜዬ ጣቴን አንድ ቦታ ለማስለመድ ምን ያህል እንደሚፈጅብኝ ማን ጠየቀኝ?

ወጣቶቹ «ሐጂ፣ አዲሱ ይሻላል እኮ» ይሉኛል። ይሻል ይሆናል። የሚሻለውን የት እንዳስቀመጡት ይንገሩኛ!

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሀበሻ ልጆች ተሰብስበን ቡና የምንጠጣበት ቤት አለ። (ስለ ቡና ከተነሳ፣ የዳይርና የፈይፋ ተራራ ሰዎች ኸውላኒ የሚሉት ቡና አላቸው፤ የአተካከሉና የአዘገጃጀቱ ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ ተመዝግቦላቸዋል። እንኳን ደስ ያላቸው። እኔ ግን የሐረርን አስቀምጬ የእነሱን ብጠጣ እናቴ ከመቃብር ትነሳለች።) እዚያ ቤት ድሮ ወሬው ስለ ሀገር ቤት፣ ስለ ከፊል (ስለ አሠሪ) ክፋት፣ ስለ ሪያል ምንዛሪ ነበር። አሁን ስልክ ብቻ ሆኗል። አንዱ ስልኩን ዘርግቶ ይመጣል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ!» ብሎ ይነጥቀዋል፤ በመጨረሻ ከሁሉም ያነሰ የማውቀው እኔ ፊት ይቀመጣል። ሽማግሌ ነኛ፤ ያስታርቃል ተብዬ።

ባለፈው የመጣው የአርሲ ልጅ ነው። በዓሪዳ በኩል ፍየል ይጠብቃል፤ ወደዚህ ሀገር ከመጣ ገና ጥቂት ጊዜው ነው። ስልኩ ከሰው የተገዛ አሮጌ ነው፤ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ አልናገርም፣ ስም ማጥፋት ይሆንብኛል። ደሞዙ የሚገባው ስልኩ ላይ ባለ የገንዘብ አፕ ነው። አፑን ሲነካው «ይህ ሥሪት አገልግሎቱን አቁሟል፤ አዲሱን ይጫኑ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። በዐረብኛ ነው፤ እኔ አነበብኩለት። ከሥሩ አንድ ቁልፍ አለ። ነካነው፤ ፕሌይ ስቶር ወሰደን። ፕሌይ ስቶር ደግሞ «ይህ አፕ ለእርስዎ ስልክ አይሆንም» አለን። ተመለስን። አፑ እንደገና አዲሱን ጫኑ አለን። ስቶሩ እንደገና አይሆንም አለን። ሁለቱ በመካከላቸው ተነጋግረው ቢጨርሱ ምን ነበረበት? የአንድ ልጅ ደሞዝ በሁለት አፎች መካከል ታንቆ ቀረ።

እርዳታ የሚል ነገር የለም ወይ ብለን ፈለግን። አለ! አንዱ ልጅ ራሱ ያንኑ አፕ ስለሚጠቀም ከራሱ ስልክ አሳየን፤ ከላይ ሦስት መስመር ያለበትን ነክቶ፣ ወደ ታች ወርዶ፣ «የእርዳታ ማዕከል» የሚል ውስጥ ገብቶ፣ «ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች» ውስጥ፣ «አፑ አልከፈት ካለኝ ምን ላድርግ?» የሚል አለ። መልሱም ጥሩ መልስ ነው፤ በሥርዓት የተጻፈ ነው። አፑ ሲከፈት ብቻ የሚነበብ መሆኑ እንጂ።

አፑ አልከፈት ካለኝ ምን ላድርግ የሚለው ጥያቄ መልሱ አፑ ውስጥ! ይህን ያስቀመጠ ሰው ደሞዝ እየተከፈለው ነው፤ ለእሱ ደሞዙ በየትኛው አፕ እንደሚገባለት ማወቅ እፈልጋለሁ።

በኋላ አንድ የቤት ሾፌር የሆነ ልጅ «ሐጂ፣ መጀመሪያ የስልኩ አንድሮይድ ራሱ ነው አፕዴት መደረግ ያለበት፤ አፑ አሮጌ አንድሮይድ ላይ አልቀመጥም ብሎ ነው» አለ። መልካም። የት ነው የሚደረገው? ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ሳምሰንግ ከሆነ ሴቲንግ ገብቶ ወደ ታች መውረድ ነው፤ «ሶፍትዌር አፕዴት» የሚል ወደ መጨረሻው አካባቢ አለ። አይፎን ከሆነ «ጄኔራል» የሚል ውስጥ ነው። ጉግል ራሱ የሚያወጣው ፒክስል ከሆነ «ሲስተም» ውስጥ። ሁዋዌ ከሆነ «ሲስተም ኤንድ አፕዴትስ» ውስጥ። ሻኦሚ ከሆነ ደግሞ «አባውት ፎን» ይገባና የሥሪቱን ስም በጣት መንካት ነው። ስለ ስልኩ ማለት ነው። ስለ ስልኩ ማወቅ ማን ፈለገ? ፍየል ጠባቂው ማወቅ የፈለገው ስለ ደሞዙ ነው። ለአንድ ሥራ አምስት ፋብሪካ አምስት ጓዳ መርጦ ደበቀ፤ ሁሉም ግን በየድረ ገጹ «በቀላሉ ያገኙታል» ብሎ ጽፏል።

ልጁ ራሱ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ ፈልጓል። ምን ብሎ እንደፈለገ ጠየቅሁት። «ገንዘቤ አልታይ አለኝ» ብሎ ነው በአማርኛ የጻፈው። የመጣለት ምንድን ነው? «ሰላም ሰላም ውድ ቤተሰቦቼ» የሚል ቲክቶክ። ቤተሰቦቹን ሰላም ብሎ አይጨርስም። ከዚያ ላይክ ይለምናል፣ ከዚያ ሼር ይለምናል፣ ከዚያ ስለ ሌላ ቪዲዮው ያወራል፣ ከዚያ የሚያሳየው ስልክ ልጁ የያዘው ዓይነት አይደለም። እውነተኛው መመሪያ «የሥርዓተ ክወናውን ሥሪት ስለማሻሻል» በሚል ርዕስ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ተጽፎ ተቀምጧል። በሕይወቱ «የሥርዓተ ክወና ሥሪት» ብሎ የሚፈልግ ፍየል ጠባቂ አለ? የታመመ ሰው ሐኪም ጋ ሲሄድ ሆዴን ይላል እንጂ የመድኃኒቱን ስም አይናገርም። መመሪያ የሚጽፉት ሰዎች ግን ርዕሱን በመሣሪያው ስም ነው የሚሰይሙት፤ ችግሩን በችግሩ ስም የሚጠራ የለም። እኔ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ ትልቁ በሽታ ይህ ነው ባይ ነኝ።

መጨረሻውን ልንገራችሁ። «ስለ» የሚለውን ጓዳ አገኘነው። መጀመሪያ ባትሪው አይበቃም አለ፤ ቻርጅ አደረግነው። ከዚያ ቦታ የለኝም አለ፤ ልጁ የፍየሎቹን ፎቶ እያዘነ አጠፋ፣ አንዷን ነጭ ፍየል ግን እምቢ ብሎ አስቀራት። ከዚያ የቡናው ቤት ዋይፋይ ላይ ስንጠብቅ የዐስር ሶላት ደረሰ። አውርዶ፣ ጠፍቶ፣ በርቶ ሲመለስ «ስልክዎ የመጨረሻው ሥሪት ላይ ነው» አለን። የመጨረሻው ሥሪት ግን ለዚያ አፕ አሁንም አያንስም? ያንሳል! ፋብሪካው ለዚያ ስልክ ሥሪት ማውጣቱን ድሮ አቁሟል። ይህን መጀመሪያ ቢነግሩት የፍየሎቹ ፎቶ ይተርፍ ነበር።

ስልክ ዕድሜ አለው፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2020 ላይ አንድሮይድ 2.3.7ንና ከዚያ በታች ያሉትን ሁሉ ጥሎ ሄዷል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ጋላክሲ ኤስ24ን ሲያወጣ የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገብቷል። ደግ አደረገ። ዓሪዳ ተራራ ሥር ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ግን ኤስ24 አይዝም፤ እሱ የሚገዛው ስልክ ስንት ዓመት እንደቀረው የሚናገር ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ የለም። ወተት ላይ እንኳ የሚያበቃበት ቀን ይታተማል።

«ሐጂ፣ ትንሽ ነገር ላይ ነው የሚቆጡት» የሚሉኝ አሉ። ትንሽ ነገር! እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች የማባረር የሳውዲ ዘመቻ ሲጀመር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገር ቤት ሲመለሱ፣ ያኔ ኬላ ላይ የሚጠየቀው የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ካርድ ነበር። ካርድ ደግሞ ኪስ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ተነስቶ ሥሪቴ አረጀ አይልህም። በኮሮና ጊዜ ተወከልና የሚባል አፕ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የሰዓት እላፊ ፈቃድ መጠየቂያ ሆኖ ነው የጀመረው፤ በ2021 ባቃላ (ሱቅ) ለመግባት እንኳ አረንጓዴውን ማሳየት ግዴታ ሆነ። አሁን የኢቃማው ቅጂ ስልክ ላይ ነው፤ መውጫ መግቢያ ቪዛው አብሸር የሚሉት የመንግሥት አፕ ላይ ነው። የቤት ሠራተኛ ደሞዝም ሙሳነድ በሚሉት የመንግሥት መድረክ በኩል በባንክና በዲጂታል ቦርሳ እንዲከፈል የሚያዘው ደንብ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 በአዲስ ገቢዎቹ ተጀምሮ፣ ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ሁሉንም ቀጣሪ ያጠቃልላል። ደንቡን አልቃወምም። ብዙ መዳም «ነገ እሰጥሻለሁ» እያለች የስንቷን ልጅ ደሞዝ እንደበላች እኔ አውቃለሁ፤ በወረቀት የሌለ ነገር ሲካድ አይቻለሁ። ነገር ግን ደሞዙ አፕ ውስጥ ከገባ፣ አፑ የሚታደስበት መንገድ የደሞዙ አካል ነው። አንዲት ከከሚሴ የመጣች ልጅ ገንዘቧ ገብቶላት፣ በስሟ ተቀምጦላት፣ ልታየው ሳትችል ስንት ቀን ታለቅሳለች? ኢቃማ የሌላቸውን ልጆች ደግሞ ተዋቸው፤ የየመንን የሰዓዳ ተራራ አቋርጠው ለመጡት የተጻፈ መመሪያም አፕም የለም፣ የእነሱ ነገር የሌላ ቀን ወሬ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ እውነተኛው መመሪያ ሲደበቅ ሐሰተኛው ራሱ እየፈለገ መምጣቱ ነው። ማንም ሳይጠራው ዋትሳፕህ ላይ ይገባል። በአማርኛ ነው የሚመጣው፤ አማርኛውም ደህና ነው። «ኢቃማህ ሊታገድ ነው፣ አፕዴት አድርግ፣ እዚህ ንካ።» ርዕሱ በችግሩ ስም ነው፣ ቁልፉ አንድ ነው፣ መንገዱ አጭር ነው። ሌባው አዲስ ገቢ ሰው ምን እንደሚያስፈራው፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ የት ቁጭ ብሎ እንደሚያነብ አጥንቶ ነው የጻፈው። ስትነካው ከስቶር ውጭ የሆነ ፋይል ጫን ይልሃል፤ ወይም ደውሎ «ነፋዝ ላይ ቁጥር ይመጣልሃል፣ 47ን ምረጥ» ይልሃል። ነፋዝ፣ ማንነት ማረጋገጫው አፕ፣ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የምትገባበት ገጽ ላይ አንድ ቁጥር ይታያል፣ ስልክህ ላይ ያንኑ ቁጥር ትመርጣለህ፣ በቃ አንተ ነህ ማለት ነው። ሌባው ገጹን ከፍቶ ቁጥሩን ካንተ ያስመርጣል፤ ከዚያ እሱ አንተ ነው። ይህንንም የሚያስጠነቅቅ መመሪያ አለ አሉ። የት እንዳለ አትጠይቁኝ።

ይህ የእኛ የመሃይሞቹ ችግር ብቻ መስሎኝ ነበር። የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው፤ በኢሞ ሲደውልልኝ አማረርኩለት። ሳቀብኝ። «አጎቴ፣ የእኛን ብታይ!» አለኝ። ዩኒክስ የሚባል ነገር አለ አሉ፤ የመጀመሪያው የመመሪያ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 የሚል ቀን አለው። መመሪያው እስከ ዛሬ ኮምፒውተሩ ውስጥ አብሮ ይቀመጣል፤ «ማን» (man) ብለህ የትእዛዙን ስም ስትጽፍ ይወጣል። የትእዛዙን ስም የማያውቅስ? «እሱንማ ማወቅ አለበት» አለኝ። ስም ሳያውቁ የሚፈልጉበት ሌላ ትእዛዝም አለ፤ የሱን ስም ካወቅህ። «አፕሮፖስ» ነው ስሙ። ማን ነው አዲስ ገብቶ ከመሬት ተነስቶ አፕሮፖስ ብሎ የሚጽፈው?

ከዚያ ኡቡንቱ ስለሚሉት የኮምፒውተር ሥርዓት አጫወተኝ። በየሁለት ዓመቱ ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ ሥሪት ያወጣል። 24.04 የሚባለው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ወጣ፤ ዓለም ሁሉ ወጣ ብሎ አወራ። አሮጌው 22.04 ላይ ያለ ሰው ግን ማሳደጊያውን መሣሪያ ያኔ ሲጠራው «አዲስ ሥሪት አልተገኘም» ይለው ነበር። ምክንያት አለው፤ የመጀመሪያዎቹ እንከኖች እስኪታረሙ ድረስ፣ 24.04.1 የሚባለው በኦገስት እስኪወጣ ድረስ፣ ረጅሙን ሥሪት የያዘውን ሰው አላንቀሳቀሱትም። ብልህ ነገር ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር። ምክንያቱ ተጽፏልም። «አልተገኘም» ያለው መሣሪያ ግን «በኦገስት ና» ለማለት አንድ መስመር አልጨመረም። አያችሁ፣ የተማረውም ፍየል ጠባቂውም አንድ ግድግዳ ነው የሚገፉት፤ ልዩነቱ የተማረው ግድግዳው ላይ ተደግፎ የሚፈልግበት ሌላ ኮምፒውተር አለው።

እዚህ ከእኛ ሰፈር ያለው የኸደማት ቢሮ ጸሐፊ፣ ማንበብ ላልቻለው ሁሉ ቅጽ የሚሞላው፣ እሱም በቅርቡ በዚሁ የአፕዴት ጣጣ ተይዟል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ኮምፒውተሩ ወደ 11 ይወጣ አይወጣ እንደሆነ የሚናገር «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» የሚባል ነገር ማይክሮሶፍት አለው፤ ሰውየው ሳያውቀው ቆይቶ፣ «ያወቅሁት ሰው ሲያሳየኝ ነው» አለኝ። እሱ የሌሎችን ችግር በክፍያ የሚፈታ ሰው ነው! ተው፣ ይበቃዋል፤ ለአንድ ገጽ የሚያስከፍለውን ሲያስቡት ትንሽ ቢቸገር አይጎዳም።

በአማርኛ ጻፉልን ስንል «ቋንቋው ከባድ ነው፣ ፊደሉ አይመችም» የሚሉ አሉ። ይህን ሰበብ አልቀበልም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ይህን ሰበብ የሚያቀርቡልኝ ልጆች ያኔ አልተወለዱም። እዚሁ ሳውዲ ውስጥ፣ የመዲናው የንጉሥ ፈህድ ማተሚያ የቁርኣንን ትርጉም በአማርኛ ያትማል። የሐጅና ዑምራ ሚኒስቴር ለሐጃጆች ያዘጋጃቸው የግንዛቤ መመሪያዎች በብዙ ቋንቋ ናቸው፤ አማርኛ አንዱ ነው። ጠጠር እንዴት እንደሚወረወር በአማርኛ ማስረዳት ከተቻለ፣ አፕ እንዴት እንደሚታደስ ማስረዳት አይከብድም፤ ጠጠሩ ይበልጥ ከባድ ነው፣ ሰው ይበዛበታል።

አማርኛ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። የቡናው ቤት ልጆች ግማሾቹ የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው፣ የራያዎቹም የትግሬዎቹም አሉ፤ ጭራሽ ፊደል ያልቆጠረም አለ፣ ለእሱ በድምፅ ካልሆነ ወረቀት ወረቀት ነው። በሰባት ቋንቋ ተርጉሞ ሦስቱ መስመር ሥር ከቀበሩት ደግሞ ሰባት ጊዜ ቀበሩት እንጂ ምን ጠቀሙን? ጸሐፊዎቹን አልወቅስም፤ እነሱ ጽፈዋል፣ ደክመዋል። የምወቅሰው ጽሑፉን ወስዶ ጓዳ ያስቀመጠውን ነው። ያ ቀይ ጽሑፍ ሲወጣ፣ እዚያው ከሥሩ «ስቶሩ እምቢ ካለ ምክንያቱ ይህ ነው፣ እዚህ ንካ» የሚል መስመር ይግባ። ለቀዩ ጽሑፍ ቦታ ያገኘ ሰው ለሰማያዊው ሊንክ ቦታ አያጣም። መመሪያው አፑ ሳይከፈትም የሚታይ ይሁን። የታተመበት ቀን ይኑረው፤ ያረጀ ፎቶ ያለው መመሪያ ከሌለው ይብሳል፣ ሰው የሌለ ቁልፍ ሲፈልግ ያመሻል። የጻፉትን ደግሞ ቢሯቸው ውስጥ እርስ በርስ እያሳዩ አያጨብጭቡ፤ አንድ ሰው ዓሪዳ ልከው የፍየል ጠባቂ ስልክ ላይ ይሞክሩት። ትኬቱን እኔ እከፍላለሁ፤ ጂዛን ድረስ ብቻ፣ ከዚያ ወዲያ በፒካፕ ይመጣል።

እነሱ እስኪመጡ ብለን እኛ ወረቀት ጻፍን። ሳምጣ ውስጥ ያለ የሞባይል ሱቅ ነው የለጠፍነው። የሱቁ ልጅ የሀገሬው ተወላጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2016 ጀምሮ የሞባይል መሸጫና መጠገኛ ሥራ ለሳውዲዎች ብቻ ስለሆነ፣ የእኛ ልጆች እዚያ ባንኮኒ ኋላ አይቆሙም። ደግ ልጅ ነው፤ «ያ ዓም» ነው የሚለኝ። ስለጥፈው ዝም ብሎ አየኝና «አጎቴ፣ ሰው ሁሉ ወረቀቱን አንብቦ ከሄደ እኔ ምን ልበላ ነው?» አለኝ። «ካቨር ሽጥ» አልኩት። ጥቂት አሰበና «በዐረብኛም ጻፈው፤ እናቴም ይህን ነገር አታገኘውም» አለኝ።

ወረቀቱ ላይ የመሣሪያ ስም በርዕስ አልገባም። በችግር ነው የተከፋፈለው። «ገንዘቤ አይታይም» ይላል፤ ከሥሩ ምን እንደሚነካ። «አዲሱን ጫን ይለኛል፣ ስቶሩ እምቢ ይላል» ይላል፤ ከሥሩ የየፋብሪካው ጓዳ ተዘርዝሯል፤ ከዝርዝሩም በፊት «ፎቶ ከማጥፋትህ በፊት ፋብሪካው ለስልክህ አዲስ ሥሪት ማውጣት አቁሞ እንደሆነ ጠይቅ» ይላል፤ ይህን ያስጻፈው የአርሲው ልጅ ነው። «ኮዱ አልመጣልኝም» የሚልም አለ፤ ከሥሩ «ሸሪሃው በማን ስም ነው?» የሚል ጥያቄ ብቻ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ሸሪሃ፣ ማለትም ሲም ካርድ፣ ከኢቃማና ከጣት አሻራ ጋር ተያይዟል፤ በሰው ስም የወጣ ሸሪሃ የያዘ ልጅ ኮዱ የሚደርሰው ሲሙን ላወጣለት ሰው መስሎት ሲጠብቅ ይውላል፤ ኮዱ ወደዚያው ሲም ነው የሚመጣው፣ ችግሩ የአፑ ስም ከሲሙ ስም ጋር አልገጥም ማለቱ ነው። ከሁሉም ሥር በትልቁ «በዋትሳፕ የመጣ አፕዴት አፕዴት አይደለም» ብለናል። ኦሮምኛውን አንድ የቦረና ልጅ በቁቤ ጻፈልን። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቡና ቤቱ ይምጣ ተብሎ በአፍ ተነግሯል፤ እኔ እጮህለታለሁ።

ጠቡ የተነሳው ቀኑ ላይ ነው። መቼ እንደተጻፈ ይግባበት አልኩ፤ ያረጀ መመሪያ አልወድም ብያለሁ። የሱቁ ልጅ በሂጅሪ ይጻፍ አለ፣ ኢቃማ የሚያልቀው በሂጅሪ ነው ብሎ። ሾፌሩ በፈረንጅ ይሁን አለ፣ ደሞዝ የሚገባው በፈረንጅ ነው ብሎ። የአርሲው ልጅ የሚያውቀው የሀበሻውን ነው፤ የነጯ ፍየል ፎቶ የተነሳችበትን ቀንም በሀበሻ ነው የሚናገረው። ሦስቱንም ጻፍን። ቦታ ስለጠበበን የአይፎኑን መስመር አወጣነው። አይፎን ያለው ይጠይቅ፤ እሱ ገንዘብ አለው።